ለፊልም የተሠራ መሣሪያ ላይ የነበሩ አሥራ አንድ ሾጣጣ ብረቶች የምን ማሽን ክፍል ናቸው?

የጓሳ እረኛ፣ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ጓደኞቼ ከዐሥር ዓመት ገደማ በፊት መንዝ ጓሳ ላይ አንድ አጭር ፊልም ሠርተን ነበር። ታሪኩ በጎቹን ሲጠብቅ ከሰማይ የወደቀ መሣሪያ አግኝቶ፣ በዝተት ጠቅልሎ ስለደበቀ እረኛ ነው። መሣሪያውን የሠሩልን ጠባሴ አካባቢ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ የነበሩ አዛውንት ናቸው፤ ዛሬ በሕይወት የሉም። መሣሪያውም የቡድናችን ዕቃ ቤት ሲጸዳ ከሌላው ቁርጥራጭ ብረት ጋር ለቆራሌው ተሰጥቶ ቀርቷል። አሁን ታሪኩን ለመቀጠል ስላሰብን ያንኑ መሣሪያ በተቻለ መጠን ሳይዛነፍ ደግመን መሥራት እንፈልጋለን። በእጃችን ያለው ፊልሙ ራሱና በቀረጻው ወቅት የተነሡ አራት ፎቶግራፎች ብቻ ናቸው።

አብዛኛውን ክፍል ለይተነዋል። መቆሚያው የማሾ መብራት የጋዝ መያዣ ነው፤ ከጎኑ የተለጠፈው የብስክሌት ዲናሞ ነው፤ ከላይ የወጣው ዘንግ ደግሞ የመኪና ሬዲዮ አንቴና ነው። ያልታወቀን ዋናው አካል ነው። እርስ በርሳቸው የተደራረቡ አሥራ አንድ ስስ ሾጣጣ ብረቶች ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ትንሽ የመሶብ ክዳን ይመስላሉ፤ ነገር ግን ጫፋቸው የተቆረጠና ክፍት ነው። በጎናቸው ላይ በእኩል ርቀት የተበሱ ክብ ቀዳዳዎች አሏቸው። አዛውንቱ ውስጡ የእጅ ባትሪ አምፖል ስላስገቡበት፣ ማታ ሲቀረጽ ብርሃኑ በእነዚያ ቀዳዳዎች እየሾለከ በእረኛው ፊት ላይ ይወርድ ነበር። የመሣሪያው ውበት በሙሉ እዚያ ላይ ስለነበረ በሌላ ነገር ልተካው አልወደድሁም።

በአንደኛው ፎቶግራፍ ላይ ከመሣሪያው ፊት ለፊት አንድ ትልቅ የባትሪ ድንጋይ ቆሟል። የዚህ ድንጋይ ስፋት 34 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በኮምፒውተር ስለካው 52 ፒክስል ሆነ፤ የሾጣጣው የታች ስፋት 180 ፒክስል ነው። ስለዚህ እውነተኛ ስፋቱ ወደ 118 ሚሊ ሜትር ይጠጋል ብዬ ገምቻለሁ። አንድ ወዳጄ የከባድ መኪና ቱርቦ ክፍል ነው ብሎኛል፤ ሌላው የመብራት አንጸባራቂ ነው ይላል። እኔ ሁለቱንም ማመን ስላቃተኝ የምታውቁ ካላችሁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።


መካኒክ ዘሸዋ ሮቢት

ወንድሜ፣ ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። ከሃያ ሰባት ዓመት በላይ በመኪና ጥገና ላይ ስለቆየሁ ከመኪና ያልወጣ መሆኑን በሙሉ ልብ ልነግርህ እችላለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ እስኪመጣ ድረስ አልገምትም።

ቱርቦ ያለህ ወዳጅህ የተሳሳተበትን ምክንያት ልግለጽ። የቱርቦ አየር መጭመቂያ ተሽከርካሪ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም የሚሠራ ሲሆን በዙሪያው ክንፎች አሉት። ያንተ ሾጣጣ ክንፍ የለውም፤ ከዚያም በላይ በሦስተኛው ፎቶግራፍ ላይ ከታች ካለው ቀዳዳ ጠርዝ ጀምሮ እንደ እንባ ወደ ታች የወረደ ቡናማ መስመር አያለሁ። ያ ዝገት ነው። አሉሚኒየም ሲያረጅ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያወጣል እንጂ ቡናማ አይዝግም። ሌላው ገጽታው ግን ዝገት የሌለበትና ፈዛዛ ግራጫ ስለሆነ፣ ብረቱ መጀመሪያ በቀለጠ ቆርቆሮ (የቤት ክዳኑ ሳይሆን ቲን የሚባለው ነጭ ማዕድን) የተነከረና ንክሩ የለቀቀበት ቦታ ብቻ የዛገ ይመስለኛል። ብረትን በቆርቆሮ መንከር ደግሞ የሞተር ክፍል ሠሪዎች ልማድ አይደለም። እንዲህ የሚደረገው ብዙ ጊዜ ምግብ ወይም ውኃ ለሚነካው ዕቃ ነው።

ሾጣጣ የሆነ የስፕሪንግ ሮንዴላም አለ፤ ነገር ግን እርሱ ጭነት ስለሚሸከም ወፍራም ነው፤ በጎኑም ላይ ቀዳዳ አይበሳበትም። ያንተው ዳር ላይ ሲታይ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። የድሮዎቹ የፊያት መኪኖች የዘይት አየር ፊልትሮ ውስጥም ያለው የሽቦ መረብ እንጂ ሾጣጣ አይደለም። የመብራት አንጸባራቂ ነው የሚለውን ደግሞ ቀዳዳዎቹ ራሳቸው ያፈርሱታል፤ ብርሃን ሊመልስ የተሠራን ነገር ማንም አይበሳውም።

ስለዚህ ፍለጋህን ከጋራዥ አውጣውና ምግብ ወደሚሠራበት ቦታ ውሰደው።


የሲኒማ ወዳጅ፣ ከደብረ ሲና

የጋሼ መካኒክ አስተያየት ትክክለኛውን መንገድ አሳይቷል። እኔ ስለ ልኬቱ አንድ ነገር ላክል፤ ምክንያቱም በተሳሳተ ልኬት የሚፈልግ ሰው ትክክለኛውን ዕቃ እጁ ውስጥ አስገብቶ እንኳ አይደለም ብሎ ይጥለዋል።

የባትሪ ድንጋዩ የቆመው በጠረጴዛው የፊት ጠርዝ ላይ ነው፤ ሾጣጣዎቹ ግን ከበስተኋላ ናቸው። ለካሜራው የቀረበ ነገር ትልቅ ሆኖ ስለሚታይ፣ በድንጋዩ ሚዛን የለካኸው የኋላው ዕቃ ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይወጣል። ጠረጴዛው አሁንም ካለ ስፋቱን በሜትር ለካው፤ ከዚያም በፎቶግራፉ ላይ ልክ ሾጣጣዎቹ በቆሙበት መስመር ላይ ጠረጴዛው ከግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ ስንት ፒክስል እንደሆነ ቁጠር። በዚያ መስመር ላይ የሚገኘው ሚዛን የሾጣጣዎቹ ትክክለኛ ሚዛን ነው። ድንጋዩን በቁመቱ ሳይሆን በስፋቱ መለካትህ መልካም ነው፤ ካሜራው ወደ ታች ስላዘነበለ ቁመቱ አጥሮ ይታያል።

እንዲህ ያለ ፍለጋ በዓለም ላይ ብዙ ሰዎች ለዓመታት የደከሙበት ሥራ ስለሆነ ተስፋ እንዳትቆርጥ። እ.ኤ.አ. በ1977 ለእይታ በቀረበው ስታር ዋርስ ውስጥ የወጣቱ ጀግና የብርሃን ሰይፍ እጀታ የተሠራው ግራፍሌክስ ከተባለው የፎቶግራፍ ካሜራ ፍላሽ መያዣ ነበር። የሚገርመው ያ መያዣ ሦስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ የሚጎርስ መሆኑ ነው፤ አንተ ለመለኪያ የተጠቀምህበት ድንጋይ መጠኑ ከእነርሱ ጋር አንድ ነው። የሽማግሌው ባላባት እጀታ ደግሞ ከሮልስ ሮይስ ደርዌንት የጄት ሞተር ቱቦ፣ ከእንግሊዞች የአንደኛው የዓለም ጦርነት የጠመንጃ ቦምብ፣ ከመትረየስ አፈ ሙዝ ክፍልና ከውኃ ቧንቧ መክፈቻ የተገጣጠመ ነው። እነዚያን ክፍሎች የለዩት ሰዎች አንድን ቅርጽ ሲያዩ «ይህ ቅርጽ መጀመሪያ ምን ሥራ ለመሥራት ነው የወጣው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ባንተ ሾጣጣ ላይም ጥያቄው ይኸው ነው፦ ስስ ብረት በሾጣጣ ቅርጽ ተሠርቶ፣ ተበስቶ፣ ከብዙ መሰሎቹ ጋር የሚደረደረው ለምንድን ነው?


የጓሳ እረኛ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጠረጴዛው እስካሁን በቡድናችን ክፍል ውስጥ ስላለ ዛሬ ሄጄ ለካሁት፤ ስፋቱ 70 ሴንቲ ሜትር ነው። በፎቶግራፉ ላይ በሾጣጣዎቹ መስመር 990 ፒክስል ሆነ። በዚህ ሚዛን 180 ፒክስል የነበረው ሾጣጣ 127 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ስህተት ይዤ ስፈልግ ኖሬአለሁ ማለት ነው።

ጋሼ ስለ ቆርቆሮ ንክሩ ያሉትን ካነበብሁ በኋላ ፎቶግራፎቹን አጉልቼ ደግሜ ሳያቸው፣ በሾጣጣዎቹ ገጽ ላይ ከቀዳዳዎቹ ሌላ ትንንሽ ጉብ ጉብ ያሉ ነጥቦች መኖራቸውን አስተዋልሁ። መጀመሪያ የብየዳ ፍንጣሪ መስለውኝ ነበር፤ ግን በሚታዩት በሁሉም ሾጣጣዎች ላይ በአንድ ቦታ ናቸው።


የሸኖ ልጅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጥያቄውን ትናንት አይቼው ነበር፤ «ጉብ ጉብ ያሉ ነጥቦች» የሚለውን ሳነብ ግን ልጽፍ ተነሣሁ። ወንድሜ፣ የያዝኸው የወተት ነው። ስልባቦቱን ከወተቱ የሚለየው በእጅ የሚዞር ማሽን፣ እኛ ሴፓሬተር የምንለው፣ በውስጡ የሚደረደሩት ሾጣጣዎች ናቸው። እኔ በወተት ማቀነባበር ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ስሆን፣ እነዚህን ሾጣጣዎች በልምምድ ጊዜዬ በየቀኑ አንድ በአንድ በሙቅ ውኃ አጥቤአቸዋለሁ።

የሲኒማ ወዳጅ «ለምንድን ነው?» ብለው ለጠየቁት መልስ ልስጥ። የወተት ቅባት ከቀረው ወተት ይቀላል፤ ወተቱን አስቀምጠን ብናድር ቅባቱ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ስዊድናዊው ጉስታፍ ደ ላቫል እ.ኤ.አ. በ1878 ይህን መንሳፈፍ በማሽከርከር የሚያፋጥን ማሽን ሠራ፤ ወተቱ በኃይል ሲሽከረከር ከባዱ ወደ ዳር፣ ቀላሉ ወደ መካከል ይሄዳል። ሾጣጣዎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ክሌመንስ ፎን ቤክቶልስሃይም የተባለ ጀርመናዊ በ1888 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ የደ ላቫል ኩባንያም በተከታዩ ዓመት ገዛው። ወተቱ በአንድ ወፍራም ድርብ ፋንታ በብዙ ስስ ድርቦች ሲከፋፈል፣ የቅባቷ እንክብል ለመለየት የምትጓዘው መንገድ ሴንቲ ሜትሮች መሆኑ ይቀርና ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ይሆናል። ያስተዋልሃቸው ጉብታዎች ሥራ ይህ ነው፤ አንዱ ሾጣጣ በሌላው ላይ ተጣብቆ እንዳይቀመጥ ያንን ጠባብ ክፍተት ይጠብቃሉ። ቀዳዳዎቹ ደግሞ ሾጣጣዎቹ ሲደረደሩ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ስለሚገጥሙ፣ ወተቱ በእነርሱ በኩል ወጥቶ ወደ እያንዳንዱ ክፍተት ይከፋፈላል። አዛውንቱ ብርሃን ያሳለፉበት መንገድ በማሽኑ ውስጥ የወተት መንገድ ነበር።

ለማረጋገጥ አንድ ነገር ፈልግልኝ። ቀዳዳዎቹ እንዲገጥሙ ሾጣጣዎቹ በዘፈቀደ መዞር የለባቸውም፤ ስለዚህ በላይኛው ክፍት አንገት ላይ አንድ የተቆረጠ ጥርስ ወይም ጎድጎድ ያለ ቦታ መኖር አለበት። እኔ ዘንድ ካሉት አሮጌዎች አንዱን ስለካው የታች ስፋቱ 12.6 ሴንቲ ሜትር ነው። የልክ መቀራረብ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የማሽኖቹ መጠን እንደ ሠሪው ይለያያልና። በአንገቱ ላይ ጥርሱን ካገኘኸው ግን ጥርጣሬ አይኖርም።

እግረ መንገዴን፣ በአካባቢያችን ይህ ዕቃ ለምን ለብዙ ሰው እንግዳ እንደሆነ ልናገር። የሸኖ ቅቤ ስሙ የታወቀ ቢሆንም እናቶቻችን ቅቤ የሚያወጡት ስልባቦት ለይተው አይደለም፤ ወተቱን አጠራቅመው እርጎ ካደረጉ በኋላ በሸክላ መናጫ ይንጡታል፤ ከቅቤው የቀረውንም አሬራ አሙቀው አይብ ያወጣሉ። በደብረ ብርሃን ጣቢያ የነበረው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማእከል፣ በአጭር ስሙ ኢልካ፣ የሠራውም ለዚያው ለሸክላው መናጫ ውስጡ የሚገባ መዘውር ነበር። ሴፓሬተር የሚኖረው ወተት በብዛት በሚሰበሰብበት ቦታ ብቻ ስለሆነ ከተራው ሰው ቤት አይገኝም።


የጓሳ እረኛ

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በአራተኛው ፎቶግራፍ ላይ አንዱ ጓደኛችን መሣሪያውን አጋድሞ ይዞታል፤ የላይኛው ሾጣጣ አንገት ወደ ካሜራው ዞሯል። እስከዛሬ ጥላ ነው ብዬ ያለፍሁት ጥቁር ነጥብ፣ አጉልቼ ሳየው፣ አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ ጥርስ ነው። እንዳሉት ነው።

አሁን ጥያቄዬ ከየት ላገኝ እችላለሁ የሚል ነው። አንድ ሙሉ አሮጌ ማሽን ባገኝ ገዝቼ ሾጣጣዎቹን ለማውጣት አስቤአለሁ።


የሸኖ ልጅ

ይህን እንዳታደርግ እለምንሃለሁ። በእጅ የሚዞረው ማሽን መዘውሩ በደቂቃ ስድሳ ጊዜ ያህል ሲዞር ውስጡ ያለው ጎድጓዳ ክፍል በማርሽ ኃይል በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ይዞራል። በዚህ ፍጥነት ላይ ያለ ነገር ሚዛኑ ትንሽ ቢዛባ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ሾጣጣዎቹ ከገዛ ማሽናቸው ጋር የተዋሐዱ ናቸው። አንዱ እንኳ ቢጎድል ሌላ አምጥቶ ጣል ማድረግ አይቻልም። መብራት በሌለበት ቀበሌ አንድ የሚሠራ የእጅ ማሽን ለአንድ የወተት ማኅበር ምን ያህል እንደሚጠቅም አይቻለሁ። አንዳንዶቹ ማሽኖች መዘውራቸው ላይ ቃጭል አላቸው፤ ፍጥነቱ እስኪደርስ ድረስ ይጮኻል፤ ሲደርስ ዝም ይላል። ያ ቃጭል ዝም ሲል የቆመው ሰው ሁሉ የሞቀውን ወተት ለመክፈት የሚዘጋጅበትን ሁኔታ ብታየው ማሽኑን ለመፍታት እጅህ አይሄድም።

እኔ ዘንድ ያለው አሮጌ ሾጣጣ ግን ጠርዙ ስለተጎዳ ከሥራ ውጭ ነው። እርሱን ለናሙና ልሰጥህ እችላለሁ፤ የቀሩትን በላሜራ አሠራቸው።


መካኒክ ዘሸዋ ሮቢት

እኅታችን የተናገረችው የሚገባ ነገር ነው። ለፊልም የሚሆነው በላሜራ ይወጣል፤ ልኩን እኔ ላውጣላችሁ። የጎኑ ተዳፋት 45 ዲግሪ ከሆነ፣ ለ12.6 ሴንቲ ሜትር የታች ስፋት 89 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ በላሜራው ላይ ይሣላል። ለ4 ሴንቲ ሜትር አንገት ደግሞ በዚያው ማዕከል ላይ 28 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ያለው ሌላ ክብ ይሣላል። ከሙሉው 360 ዲግሪ ውስጥ 255 ዲግሪውን አስቀርታችሁ የቀረውን ትቆርጡታላችሁ፤ ለስፌት የሚሆን 4 ሚሊ ሜትር መደረቢያ አትርሱ። ተዳፋቱ ሌላ ከሆነ ቁጥሮቹ ይለወጣሉና ናሙናው እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ እርሱን ለኩ።

ቀዳዳዎቹ ላሜራው ሳይጠቀለል፣ ጠፍጣፋ ሳለ፣ በእንጨት ላይ ተቀምጦ ይበሱ፤ ከተጠቀለለ በኋላ ከተበሳ ይጣመማል። ላሜራው ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል። የቶርኖ ባለሙያ በእንጨት ቅርጽ ላይ እያሽከረከረ ቢያወጣው ስፌት የሌለው ይሆናል፤ ግን ዋጋው ከፍ ይላል።


የጓሳ እረኛ

ከሁለት ሳምንት በኋላ የደረስሁበትን ልንገራችሁ። ሸኖ ሄጄ ሾጣጣውን ተቀብያለሁ። እጄ ላይ ሳስቀምጠው ከጠበቅሁት በላይ ቀላል ነበረ፤ በጥፍሬ ስመታው ቀጭን ድምፅ አወጣ። ጉብታዎቹን በጣት እንጂ በዓይን ለማየት ያስቸግራሉ። አንገቱ አጠገብ በብረት ቁጥር ተመትቶበታል፦ 7። የቆርቆሮ ንክሩ ከቀዳዳዎቹ ጠርዝ ላይ ለቅቆ፣ ጋሼ ከፎቶግራፍ ያዩት ዓይነት ቡናማ መስመር በዚህኛውም ላይ ወርዷል።

ተዳፋቱን በሾጣጣው መካከል ከሚያልፈው ቁም መስመር አንሥተን ለካነው፤ 45 ሳይሆን ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ በጋሼ ዘዴ ደግመን አስልተን ሬዲየሱን 98 ሚሊ ሜትር፣ የምናስቀረውን 231 ዲግሪ አድርገነዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሾጣጣዎች ስፌታቸው ተንጋዶ ተበላሹብን፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ግን ተስተካከለ። የአዲሱ ላሜራ ማንጸባረቅ በካሜራ ፊት ስለሚያስታውቅ በጥሩ የብርጭቆ ወረቀት አፍዝዘነዋል። ስፌቶቹን ሁሉ ወደ ኋላ አዙረን ቀዳዳዎቹን ስናገጥም፣ አምፖሉ ሲበራ ብርሃኑ በአንድ መስመር ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ረዣዥም ነጠብጣቦች ሠራ።

አሥሩ አልቀዋል። አሥራ አንደኛውን አንሠራውም። የላይኛው ሾጣጣ ለካሜራው ቅርብ ስለሆነና አንገቱ ላይ ያለው ጥርስም ስለሚታይ፣ እዚያ የሚቀመጠው ከሸኖ የመጣው ነው፤ የተጎዳው ጠርዙ በበስተኋላ በኩል ይሆናል።